ቀለበቱን አየነው፤ አቧራውን ማን መዘነው?

ደሴ ከተማ ፊዚክስ የሚያስተምር የቀድሞ ተማሪዬ በቴሌግራም ጻፈልኝ። «መምህር፣ የኤችኤል ታውን ምስል በትልቁ አሳትሜ ክፍል ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። ልጆቹ ‹ይህ ፎቶግራፍ ነው ወይ?› እያሉ ያፋጥጡኛል። ምን ልበላቸው?» አለኝ። «አይደለም በላቸው» ብዬ መለስኩለት። «ታዲያ ምንድን ነው?» አለ። ይህ በሁለት መስመር መልእክት የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። እኔ ሃይደልበርግ፣ ጀርመን ተቀምጬ እንጀራዬን የማገኘው ለዚሁ ጥያቄ መልስ በመፈለግ ስለሆነ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ምስሉን ያላየ ሰው ካለ እንዲህ ነው፤ ጥቁር መደብ ላይ የተጋደመ ብርቱካናማ ክብ፣ መሐሉ የሚያንጸባርቅ፣ ከመሐሉ ወደ ውጭ ደግሞ ደማቅና ደብዛዛ ቀለበቶች እየተፈራረቁበት። ለሕዝብ የቀረበው በኖቬምበር 2014 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ኤችኤል ታው 450 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ የሚገኝ፣ ዕድሜው ከአንድ ሚሊዮን ዓመት የማይበልጥ ኮከብ ነው። የኛ ፀሐይ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ስለሞላት፣ ይህ በከዋክብት ዕድሜ ገና አራስ ነው ማለት ነው። በዙሪያው የሚሽከረከረው የጋዝና የአቧራ ዲስክ ኮከቡ ሲወለድ የተረፈው ጥሬ ዕቃ ሲሆን፣ ፕላኔቶች የሚሠሩትም ከዚሁ ነው። ከምስሉ በፊት በዚህ ዕድሜ ያለ ዲስክ ወጥ ሆኖ ይታያል ብሎ የሚጠብቀው ሰው ይበዛ ነበር። ቀለበቶቹ ሲወጡ ብዙ የተጻፈ ነገር እንደገና መጻፍ ነበረበት።

ምስሉ የተገኘው በአልማ ነው። አልማ ቺሌ ውስጥ፣ በአታካማ በረሃ፣ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው የቻናንቶር ሜዳ የተተከሉ 66 አንቴናዎች ስብስብ ነው። ከመካከላቸው 54ቱ 12 ሜትር፣ 12ቱ ደግሞ 7 ሜትር ስፋት አላቸው። አንዳቸውም ቢሆኑ ካሜራ እንደሚያነሣው ዓይነት ምስል አያነሡም። ሥራው የሚሠራው በጥንድ ነው፤ ሁለት አንቴናዎች ከአንድ የሰማይ አቅጣጫ የመጣውን ሞገድ ይቀበላሉ፣ ሁለቱ ሞገዶች ምን ያህል እንደሚገጥሙ ይለካል፣ ከዚያ ልኬት የሞገዱ ጥንካሬና መዘግየት ይመዘገባል። 43 አንቴናዎች አብረው ከሠሩ 903 ጥንዶች ይገኛሉ። መሬት በዞረች ቁጥር የጥንዶቹ አቅጣጫ ከሰማዩ አንጻር ስለሚለወጥ የልኬቱ ብዛት ያድጋል። ተቀራርበው የቆሙ ጥንዶች የዲስኩን ጠቅላላ ቅርጽ፣ ተራርቀው የቆሙት ረቂቅ ዝርዝሩን ይነግሩናል። ለኤችኤል ታው አንቴናዎቹ እስከ 15 ኪሎ ሜትር ድረስ ተራርቀው ነበር።

ከእነዚህ ቁጥሮች ወደ ምስል ለመሸጋገር ሒሳቡ የታወቀ ነው፤ ፉርየር የተባለው ፈረንሳዊ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አዘጋጅቶ ትቶልናል። ችግሩ ቁጥሮቹ ሙሉ አለመሆናቸው ነው። በማንኛውም ጥንድ ያልተለካ ርቀትና አቅጣጫ ሁሉ ባዶ ቦታ ነው። ባዶው እንዳለ ከተተወ ምስሉ ሰማይ ላይ በሌለ ግርፋትና ሞገድ ይሞላል። ስለዚህ በ1974 ያን ሆግቦም ባቀረበው ክሊን በተባለ ዘዴ እናጸዳዋለን። ኮምፒውተሩ በምስሉ ውስጥ ከሁሉም ደማቁን ነጥብ ይፈልጋል፣ ነጥቡ ከሚፈጥረው ግርፋት ጋር በጥቂቱ ይቀንሰዋል፣ ቀጥሎ የሚደምቀውን ይፈልጋል፣ የቀረው ጫጫታ ብቻ እስኪሆን ድረስ ይህንኑ ይደጋግማል። የት ላይ እንደሚቆም የሚወስነው ሰው ነው። ብርቱካናማው ቀለምም የሰው ምርጫ ነው፤ የአንድ ሚሊሜትር ርዝመት ላለው ሞገድ ዓይናችን ቀለም አልተሰጠውም። ሰማያዊ ቢያደርጉትም ኖሮ ያው እውነት ነበር፤ ግን ብርቱካን ይሸጣል።

በዚህ ምክንያት ሞዴል የምንሠራ ሰዎች ስሌታችንን ከምስሉ ጋር ባናስተያየው እንመርጣለን። የራሳችንን ዲስክ በኮምፒውተር ሠርተን፣ አልማ ቢያየው ኖሮ እያንዳንዱ ጥንድ ምን ይለካ ነበር ብለን አስልተን፣ ቁጥርን ከቁጥር ጋር እናጋጥማለን። ጉባኤ ላይ በትልቅ ስክሪን የሚያምር ቀለበት ሲታይ አዳራሹ ያጨበጭባል። እኔ ግን ከቀለበቱ ይልቅ ቀጥሎ የሚመጣውን ሥዕል እጠብቃለሁ። አግድሙ የጥንዶቹ ርቀት፣ ቋሚው የሞገዱ ጥንካሬ ሲሆን፣ ነጥቦቹ ከግራ ወደ ቀኝ እየተወዛወዙ ይወርዳሉ። ውዝዋዜው ውስጥ ቀለበቶቹ በሙሉ አሉ፤ ማንም ያላጸዳቸው፣ ማንም ያልቀባቸው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ምስሉ ነው። ነገሩ የሚከብደው ምስሉ የምንን ብርሃን እንደሚያሳይ ስንጠይቅ ነው።

ከዲስኩ ክብደት አብዛኛው ሃይድሮጅን ጋዝ ሲሆን፣ ጋዙ በዚያ ቅዝቃዜ ራሱን አይገልጥም። አቧራው ከመቶ አንድ እጅ ያህል እንደሆነ ይገመታል። ሆኖም በሚሊሜትር ሞገድ የሚያበራው እሱ ነው። ከኮከቡ ራቅ ባለው የዲስኩ ክፍል ሙቀቱ ከዜሮ በታች 250 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። እዚያ ያለች ቅንጣት ከኮከቡ በተቀበለችው ጥቂት ሙቀት ትሞቃለች፣ የተቀበለችውን በረዥም ሞገድ መልሳ ትለቃለች። አልማ የሚይዘው ይህንን ነው። አንድ ቅንጣት በደንብ የምታበራው ከራሷ መጠን ጋር በሚቀራረብ ሞገድ ስለሆነ፣ በአንድ ሚሊሜትር ሞገድ ስናይ የሚጎሉልን ጤፍ የሚያካክሉ ናቸው። እንደ ሲጋራ ጭስ የረቀቀው አቧራ በብዛት እዚያው ቢኖርም፣ እሱን ለማየት እንደ ስፊር ያለ፣ አቧራው የኮከቡን ብርሃን ሲመልስ የሚያነሣ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ስፊርም ቺሌ፣ ፓራናል ተራራ ላይ ይገኛል።

እንግዲህ ይህ አቧራ ስንት ይመዝናል? ፕላኔት ለመሥራት ይበቃል ወይስ አይበቃም? ስሌቱ በአንድ መስመር የሚጻፍ ነው፤ የደረሰን ኃይል በርቀቱ ካሬ ይባዛል፣ ከአቧራው ሙቀት ለሚመነጨው ጨረር ይካፈላል፣ ከዚያ ደግሞ ለአንድ ሌላ ቁጥር ይካፈላል። ርቀቱን ጋያ የተባለችው መንኮራኩር በጥሩ ሁኔታ ለክታልናለች። ሙቀቱን ከኮከቡ ድምቀት ማስላት ይቻላል። እንቅልፍ የሚነሣው የመጨረሻው ቁጥር ነው። እሱም አንድ ግራም አቧራ ስንት ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ብርሃን ይጋርዳል የሚል ነው። ብርሃን አብዝቶ የሚውጥ ነገር አብዝቶ ስለሚያመነጭ፣ ይህን ሳያውቁ ክብደት ማውጣት አይቻልም።

ቁጥሩ እኔ ጋ የሚኖረው በአንድ ፋይል ውስጥ ነው። የምጠቀመው ራድኤምሲ ሦስት ዲ የተባለ፣ እዚሁ ሃይደልበርግ ኮርኔሊስ ዱለሞንድ የጻፈው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ከኮከቡ የፎቶን (የብርሃን) እሽጎችን በሚሊዮን ይለቃል። እያንዳንዱ እሽግ ዲስኩ ውስጥ ይገባል፣ ቅንጣት ይመታል፣ ይነጥራል ወይም ይዋጣል፣ ከተዋጠ በሌላ ሞገድ እንደገና ይወጣል፤ ከዲስኩ እስኪያመልጥ ድረስ እንዲህ ይንከራተታል። የሚዋጠው የት እንደሆነ፣ የሚነጥረውስ ወደየት እንደሆነ የሚወስነው ያ ፋይል ነው። ሲከፈት የሚያስደንቅ ነገር የለውም። የመጀመሪያው መስመር ላይ 3 ተጽፏል፤ የአቀራረቡ ዓይነት ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ የሞገዶቹ ብዛት አለ። ከዚያ በታች አራት ዓምድ ቁጥር ይወርዳል፤ የሞገዱ ርዝመት በማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ)፣ የመዋጥ አቅም፣ የመበተን አቅም፣ የተበተነው ብርሃን ወደፊት ያደላል ወይስ በየአቅጣጫው ይሄዳል የሚለው። በማውስ ወደ ታች እየወረድኩ 1,300 ማይክሮን የሚለው መስመር ላይ እደርሳለሁ። የፕላኔቶች ጥሬ ዕቃ በቂ ነው አይደለም የሚለው የዓለም ክርክር ግማሹ ያለው በዚያ መስመር ሁለተኛ ዓምድ ላይ ነው።

እዚያ ምን ይጻፋል? በ1990 ቤክዊዝና ባልደረቦቹ ታውረስ በተባለው ኅብረ ከዋክብት ላሉ ወጣት ከዋክብት የተጠቀሙበት ቀመር በ1.3 ሚሊሜትር ለአንድ ግራም አቧራ 2.3 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰጣል። ከዚያ ወዲህ በየጽሑፉ ይህ ቁጥር ወይም የቅርብ ዘመዱ ሲወርድ ሲዋረድ መጥቷል። ጥሩነቱ ሁሉም ስለሚጠቀምበት ዲስክን ከዲስክ ለማወዳደር መመቸቱ ነው። ትክክል ነው ወይ ለሚለው ግን ማንም እዚያ ሄዶ አቧራውን ሚዛን ላይ አላስቀመጠውም። እኛ ማድረግ የምንችለው አቧራው ከምን ከምን እንደተሠራ መገመት ነው። በ2018 ሃያ ዲስኮችን በአንድ ላይ ያጠናው ዲሻርፕ የተባለው የአልማ ፕሮጀክት የውኃ በረዶን፣ ሲሊኬትን፣ የብረትና የድኝ ውህድንና ካርቦን የበዛባቸውን ኦርጋኒክ ቁሶች ቀላቅሎ የራሱን ዝርዝር አውጥቷል። ከዚያ በፊት ይሠራበት የነበረው ሌላ ድብልቅ በኦርጋኒኩ ቦታ ሌላ ዓይነት ካርቦን ነበረው። ካርቦኑን ብቻ ስትቀይሩ በሚሊሜትር ሞገድ የመጋረድ አቅሙ እስከ አሥር እጥፍ ሊለያይ ይችላል። አቅሙ በአሥር ከቀነሰ ክብደቱ በአሥር ይጨምራል፤ ዲስኩ ያው፣ ልኬቱ ያው፣ ቀለበቶቹ ያው።

እኔ ራሴ በአንድ ዲስክ ላይ ሁለቱንም ድብልቆች ሞክሬአለሁ። ሁለቱም ከልኬቱ ጋር ገጠሙ። ያ የተወዛወዘው መስመር በሁለቱም ላይ ቁጭ አለ። አንደኛው ዲስኩ ለጁፒተር ዓይነት ፕላኔቶች እምብርት የሚሆን አቧራ ተርፎታል ሲለኝ፣ ሌላው ድሃ ነው አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው መድረክ ላይ ቆሞ «የዚህ ዲስክ አቧራ ይህን ያህል የመሬት ክብደት ነው» ሲል ስሰማ፣ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ካርቦኑ የቱ ነው? አንዳንዶቹ ይስቃሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ይቀየማሉ።

ከክብደቱ ይልቅ የቅንጣቶቹን መጠን ማወቅ ይቀላል ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል። ለእሱም መንገድ አለ። ዲስኩን በሁለት ሞገድ፣ ለምሳሌ በ1.3 እና በ3 ሚሊሜትር አይተን፣ ሞገዱ ሲረዝም ድምቀቱ በምን ፍጥነት እንደሚወርድ እንለካለን። በከዋክብት መካከል የሚንሳፈፈው ረቂቅ አቧራ ድምቀቱ በኃይል ይወርዳል። በዲስኮች ውስጥ ግን በዝግታ ነው የሚወርደው። ለረዥም ጊዜ ይህ ቅንጣቶቹ ሚሊሜትርና ሴንቲ ሜትር ድረስ አድገዋል ለማለት ማስረጃ ሆኖ አገልግሏል። ሆኖም ዲስኩ ብርሃን የማያሳልፍ ድፍን ከሆነ፣ ቅንጣቶቹ የፈለጉትን ያህል ትንንሽ ቢሆኑም ድምቀቱ በዝግታ ይወርዳል። ስለዚህ ወይ ትልልቅ ናቸው፣ ወይ ድፍን ነው፣ ወይ ሁለቱም።

በዲሻርፕ ቀለበቶች ላይ ደግሞ የሚያጠራጥር ነገር ታየ። ስሌቱ በየዲስኩ ያሉት ቀለበቶች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ግማሽ ድፍንነት እንዳላቸው አሳየ። የተለያየ ዕድሜ፣ የተለያየ ክብደት፣ የተለያየ ኮከብ፣ ግን አንድ ዓይነት ቁጥር። ተፈጥሮ እንዲህ አትተባበርም። በ2019 ዙ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ አንድ ማብራሪያ አቀረቡ። ቅንጣቶች ብርሃን መዋጥ ብቻ ሳይሆን ይበትናሉም። መበተን የበረታበት ድፍን ዲስክ መሆን ከሚገባው በታች ደብዝዞ ይታያል፣ እኛም ስስ ይመስለናል። እንደዚህ ከሆነ ክብደቱ ከተነገረን ብዙ ይበልጣል። ከዚያ በፊት ብዙ ስሌቶች መበተንን ጨርሰው ይተዉት ነበር። ፋይሉ ውስጥ ሦስተኛው ዓምድ እያለ!

መበተኑ ካለ ሌላ ምልክት መተው አለበት፤ የተበተነ ብርሃን በአንድ አቅጣጫ የመወዛወዝ ዝንባሌ ይኖረዋል። በ2015 ካታኦካና ባልደረቦቹ ይህ በሚሊሜትር ሞገድ ሊታይ እንደሚችል በስሌት አሳዩ፤ በኋላም አልማ በኤችኤል ታው ላይ አየው። ደስታው ግን ሙሉ አልሆነም። ምልክቱ በዚህ ጥንካሬ እንዲወጣ ቅንጣቶቹ ከሞገዱ ስድስት እጥፍ ያህል ማነስ አለባቸው፤ ይህም መቶ ማይክሮን አካባቢ ማለት ነው። በአንድ በኩል የድምቀቱ አወራረድ ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ይላል፣ በሌላ በኩል የብርሃኑ ውዝዋዜ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ይላል። ዲስኩ አንድ ነው።

እኔ የማደላው ቅንጣቶቹ ጥቅጥቅ ያሉ ኳሶች አይደሉም ለሚሉት ነው። ስሌቶቻችን አብዛኞቹ ጉስታቭ ሚ በ1908 ለፍጹም ክብ ኳስ ባወጣው ቀመር የቆሙ ናቸው። ቀመሩ ውብ ነው፤ ግን በቀስታ እየተጋጩ የተጣበቁ ቅንጣቶች ኳስ የሚሆኑበት ምክንያት አይታየኝም። ውስጣቸው ባዶ ቦታ የበዛበት፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆኑ ናቸው ብለን ካሰላን ትልቅ ሆነው እንደ ትንሽ ሊበትኑ ይችላሉ፤ ሁለቱ ልኬቶችም መቀራረብ ይጀምራሉ። ይህን ስል ገለልተኛ እንዳልሆንኩ ይታወቅልኝ፤ ቀዳዳዎቹ ሥራዬ ናቸው።

ይህን ሁሉ የሚያነብ ሰው ስለ አቧራው ምንም አናውቅም ማለት ነው ሊል ይችላል። አይደለም፤ በጣም አስተማማኝ የሆነ ነገርም አለ፣ ደስ የሚለው ደግሞ ፋይሉን ሳይነካ የተገኘ መሆኑ ነው። የኤችኤል ታው ዲስክ ወደ እኛ ፊት ለፊት አይደለም፤ 47 ዲግሪ ያህል አዘንብሏል። አቧራው ወደ ላይና ወደ ታች ወፍሮ ቢሆን ኖሮ፣ በሚያጥረው የሞላላው ጎን ላይ የአንዱ ቀለበት ውፍረት የጎረቤቱን ክፍተት ይሸፍነው ነበር። ክፍተቶቹ ግን በዚያም ጎን ጥርት ብለው ይታያሉ። በ2016 ፒንትና ባልደረቦቹ ይህን በሞዴል መርምረው፣ ከኮከቡ በመሬትና በፀሐይ ርቀት መቶ እጥፍ ላይ የአቧራው ውፍረት ልኬት ከመሬትና ከፀሐይ አንድ ርቀት ብዙም እንደማይበልጥ አገኙ። ጋዙ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። ትልልቆቹ ቅንጣቶች ወደ መሐሉ ዘቅጠው እንደ ስስ ወረቀት ተነጥፈዋል፤ ስለዚህ ጋዙ እምብዛም አይናወጥም። ክፍተት ጥርት ብሎ ከመታየቱ ብቻ ይህን ያህል መናገር ተቻለ።

ኤችዲ 163296 የሚባለው ዲስክ ደግሞ ይበልጥ ይገርመኛል። ከኮከቡ በመሬትና በፀሐይ ርቀት 67 እና 100 እጥፍ ላይ ሁለት ደማቅ ቀለበቶች አሉት። ዶይና ካታኦካ በ2021 በተመሳሳይ ብልሃት ሲመረምሩት፣ የውስጠኛው ቀለበት አቧራ ከጋዙ ጋር ተቀራራቢ ውፍረት ሲኖረው የውጭኛው ተነጥፎ ተገኘ። አንድ ኮከብ፣ ጎረቤት ቀለበቶች፣ ሁለት ዓይነት ጠባይ። ለምን እንደሆነ የሚያረካ መልስ ገና አላየሁም።

ቀለበቶቹ ራሳቸው ለምን ኖሩ? ለዚህ ወደ 1977 መመለስ ያስፈልጋል። ዋይደንሺሊንግ ያኔ እንዳሳየው ጋዙ የራሱ ግፊት ስለሚደግፈው ከኮከቡ ስበት ጥቂት ይቀልለታል፣ ስለዚህ ዙረቱ ትንሽ ያዘግማል። ድንጋይ ግፊት የሚባል ድጋፍ የለውም፤ በሙሉ ፍጥነቱ ሲዞር ጋዙ ከፊት ለፊት እንደ ነፋስ ይመታዋል፣ ጉልበቱን ይነጥቀዋል፣ እየተጠማዘዘ ወደ ኮከቡ ይወርዳል። መሬት ባለችበት ርቀት ላይ አንድ ሜትር የሚያክል ቋጥኝ በመቶ ዓመት ገደማ ውስጥ ኮከቡ ይበላዋል። ጤፍ የምታክለዋ በዳርቻው ላይ በዝግታ ብትወርድም፣ ከዲስኩ ዕድሜ በፊት ማለቋ አይቀርም። በዚህ ሒሳብ ዛሬ የምናየው አቧራ መኖር አልነበረበትም። መዳኛው ግፊቱ ከፍ የሚልበት ቦታ ነው። እዚያ አቧራው ከሁለቱም ወገን ይገፋና ይሰበሰባል። ቀለበት ማለት እንግዲህ ወደ ኮከቡ በሚወርደው መንገድ ላይ የቆመ ኬላ ነው።

ኬላውን ያቆመው ማን ነው? ብዙ ሰው ፕላኔት ነው ይላል፤ ጋዜጦቹም የሚወዱት ይህን ነው። ፒዲኤስ 70 በተባለው ኮከብ ላይ እውነት ሆኗል፤ በ2018 አንዱ፣ በ2019 ሁለተኛው ፕላኔት በሰፊው ክፍተት ውስጥ በቀጥታ ታይተዋል። በኤችኤል ታው ግን በየክፍተቱ የተረጋገጠ ፕላኔት የለም። በረዶ ወደ ጋዝ የሚለወጥበት ድንበር፣ የመግኔት ኃይል የሚደክምበት ቦታ፣ ሌላም ሌላም ተመሳሳይ ቀለበት ሊሠራ ይችላል። ክፍተት ባየ ቁጥር ፕላኔት የሚቆጥር ሰው አያሳምነኝም።

ከኢትዮጵያ የሚጽፉልኝ ሰዎች ደግሞ ይህን ከእንጦጦ ለምን አታዩትም ይሉኛል። የእንጦጦ ሁለቱ ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች በዓይን ለሚታይ ብርሃን የተሠሩ ናቸው፤ ለሌላ ሥራ ጠቃሚ ናቸው እንጂ ሚሊሜትር ሞገድ አይቀበሉም። ያንን ሞገድ ደግሞ በአየር ውስጥ ያለ የውኃ እንፋሎት ይውጠዋል። የአታካማ አየር በዓለም ላይ ከሁሉም ደረቆቹ አንዱ ስለሆነ ነው ሁሉም ወደዚያ የሄደው። 3,200 ሜትር ላይ ያለው እንጦጦ በክረምት ምን እንደሚመስል ለአዲስ አበባ ሰው አልነግረውም። ይሁን እንጂ የአልማ መረጃ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለማንም ክፍት ስለሚሆን፣ ደህና ኢንተርኔትና ትዕግሥት ያለው ተማሪ ከባሕር ዳርም ከጅማም ሆኖ አውርዶ ሊሠራበት ይችላል። በ2019 ኢትዮጵያ አቦል የሚል ስም ያወጣችለት ፕላኔትና ቡና የተባለው ኮከቡ እንኳ አንድ ወቅት እንዲህ ያለ ዲስክ እንደነበራቸው አልጠራጠርም።

አሁን በእጄ ያለው የማመልከቻ ሥራ ነው። አልማ በየዓመቱ በሚያዝያ አካባቢ ማመልከቻ ይቀበላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከ6 እስከ 8.5 ሚሊሜትር ያለውን ሞገድ የሚይዘውን፣ ባንድ አንድ የተባለውን መቀበያ ከፍቷል። የዲስኩን ስም እዚህ አልጠቅስም፤ ገምጋሚና አመልካች እንዳይተዋወቁ ነው ደንቡ። አመልካቹ ራሱም የሌሎችን አሥር ማመልከቻ አንብቦ ደረጃ መስጠት ስላለበት፣ ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ውስጥ አንዱ ገምጋሚዬ ሊሆን ይችላል። (ከሆነም ስለ ቀዳዳዎቹ ያልኩትን ይርሳልኝ።)

የጠየቅነው ቀላል ነገር ነው። ቀለበቱ በ1.3 ሚሊሜትር ድፍን ከሆነና እስከ 7 ሚሊሜትር ድረስ ድፍንነቱን ከያዘ፣ ድምቀቱ የሚወርደው 29 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ስስ ከሆነና ቅንጣቶቹ መካከለኛ ከሆኑ ግን 150 ጊዜ ያህል ይወርዳል። ምስሉ ከ1.3ቱ ይልቅ ይደበዝዛል፣ ኮከቡ አጠገብ ያለው የጋለ ጋዝም በዚህ ሞገድ የራሱን ብርሃን ስለሚጨምር እሱን መለየት ይኖርብናል። ለሁለቱ ዕድሎች የሚበቃ የምልከታ ሰዓት ቢሰጠን ያስደስተናል፤ ለ29ኙ የሚበቃው ጥቂት ነው፣ ለ150ው ግን ብዙ ይፈልጋል፣ እኛም የጠየቅነው ብዙውን ነው። ውጤቱ የሚነገረን በነሐሴ ነው።